አባቴን በሦስት ፎቶ ቤት

አባቴ ለቀብሩ የሚሆን ፎቶ እንዳሳጥብለት ያዘዘኝ በቪዲዮ ስልክ ነው። በቪዲዮ ስል አየሁት ማለቴ አይደለም። ስልኩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ስለሚያወራ ሁልጊዜ የሚታየኝ ደብረ ብርሃን ያለው ቤታችን ኮርኒስ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ያንን ኮርኒስ ሳይ ስለኖርኩ፣ ዝናብ በየት በኩል እንደሚያስገባ አብረውት ለሚኖሩት ወንድሞቼ የምነግራቸው ከሪያድ ሆኜ እኔ ነኝ።

ነገሩ የመጣው ከጎረቤታችን ቀብር ነው። ከአባቴ ጋር ዕድሜ ልኩን ዳማ ሲጫወት የኖረው ሰውዬ ሲያርፍ ልጆቹ ደህና ፎቶ ፈልገው አጡ። መታወቂያው ላይ ያለችውን ጉርድ ፎቶ በትልቁ አሳጥበው ድንኳኑ ውስጥ ሰቀሏት። የቀበሌው ማኅተም ግማሹ ጉንጩ ላይ ቀርቷል።

«ዶሮ ሰርቆ የተያዘ መስሎ ተሸኘ እኮ» አለኝ አባቴ። ለቅሶው መሀል ሳቁ አምልጦት አፉን በጋቢው ይዞ እንደወጣ ነገረኝና እንደገና ሳቀ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «እኔን እንዲህ እንዳታደርጉኝ። ሐኪሙ ስለ ልቤ ያለውን ሰምተሻል። ሳልሞት፣ ዓይኔ እያየ፣ እኔው የመረጥኩት ትልቅ ፎቶ ይምጣልኝ። እናንተ አገር የሌለ ነገር የለም አይደል?»

«እናንተ አገር» የሚለው ሳውዲን ነው። ዘጠኝ ዓመት ስኖር አገርሽ ነው ያለኝ እስካሁን አባቴ ብቻ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ ላይ እንኳ እንዲህ አይልም።

ሥራዬ ሆስፒታል ውስጥ ራጅ ማንሳት ነው። የሰው ጎድን ስቆጥር ስለምውል በምስል ጉዳይ ከእኔ በላይ ላሳር የሚል ትዕቢት አለኝ። የአባቴንም ፎቶ ያነሳሁት እኔው ነኝ። የዛሬ አራት ዓመት ለእረፍት ሄጄ ስመለስ፣ ሊሸኘኝ በር ላይ ቆሞ፣ ግራጫ ካፖርቱን ደርቦ፣ አንዱ ኮሌታው ታጥፎ፣ የወለቀው የፊት ጥርሱ ቦታ እየታየ ሲስቅ ነው ያነሳሁት። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። ሆስፒታሉ በየዓመቱ ትኬት ይሰጠኛል፤ እኔ በየዓመቱ ምክንያት እሰጠዋለሁ። አንዴ ኮንትራት እድሳት ነው፣ አንዴ የሙያ ፈቃድ ፈተና፣ አንዴ የሚተካኝ ሰው ጠፋ፣ አንዴ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ሻንጣ ማዘጋጀቱ ደከመኝ።

ለመሄድ የሰነፍኩትን ያህል ወረቀት ለመምረጥ በረታሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ መልስ ሶፋዬ ላይ ተጋድሜ ስለ ፎቶ ወረቀት አነበብኩ። የሚያብረቀርቅና የማያብረቀርቅ እንዳለ አወቅሁ። ከጥጥ የሚሠራ እንዳለ፣ መቶ ዓመት የማይደበዝዝ ቀለም እንዳለም አወቅሁ። ልቡ ለደከመ ሰው መቶ ዓመት የሚቆይ ቀለም ስፈልግ የሚያየኝ ሰው አለመኖሩ ጥሩ ነው። አባቴ በየሳምንቱ አርብ ከምሳ በኋላ ይደውላል፤ ኮርኒሱ ብቅ ይላል፤ «ደረሰ?» ይለኛል። «እያጣራሁ ነው» እለዋለሁ። «ቶሎ አጣሪ፣ እኔ ቀጠሮ አለብኝ» ብሎ ይስቃል። እኔ አልስቅም።

በመጨረሻ ሦስት ቦታ ትንንሽ ናሙና አሳጥቤ ለማወዳደር ወሰንኩ።

የመጀመሪያው ሙረባዕ ሰፈር፣ ከምኖርበት ሕንፃ ሁለት መታጠፊያ ወረድ ብሎ ያለ ፎቶ ቤት ነበር። መስኮቱ ላይ የተሰቀሉት ሙሽሮች ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ባለቤቱ ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ «ማሻአላህ፣ አባትሽ ናቸው?» አለና መልሴን ሳይጠብቅ አባቴን ማደስ ጀመረ። መጀመሪያ ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ አጠፋ። ልጅ ሆኖ ከፈረስ ወድቆ ያገኘው ጠባሳ ነው፣ ሰባ ዓመት አብሮት ኖሯል፤ በአንድ ጠቅታ ሄደ። ቀጥሎ ሽብሽቡን ተኮሰው። ጥርሱን ተከለለት። ካፖርቱን አውልቆ ጥቁር ሱፍ አለበሰው፣ ቀይ ክራባት አሰረለት። ከዚያ ቆዳውን ሊያቀላው ሲጀምር «ተው ወንድሜ፣ ይሄ የራሱ መልክ ነው» አልኩት።

«ደንበኛ እንዲህ ነው የሚወደው» አለኝ፤ አዘነልኝ። «ኸላስ፣ ጨርሻለሁ።»

ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። በሁለት ደቂቃ ውስጥ አባቴን ሃያ ዓመት ቀንሶ፣ ሦስት ደረጃ አቅልቶ፣ የቤይሩት ባንክ ሥራ አስኪያጅ አድርጎ አስረከበኝ። የእኛ ሆስፒታል ሐኪሞች በዓመት ይህን ያህል አይሠሩም።

ሁለተኛው ዑለያ ሰፈር፣ የመስታወት ሕንፃ ላይ ነበር። እዚያ ፎቶ ቤት አይባልም፤ ለመግባትም ቀጠሮ ያስፈልጋል። ግድግዳው ላይ ጭልፊት፣ ፈረስ፣ ግመል፣ አንድም ሰው የለም። የተቀበለኝ ሰውዬ ነጭ ጓንት አጥልቋል፤ ተሳስቼ ቀዶ ሕክምና ክፍል የገባሁ መሰለኝ። አስቀምጦ ውኃ በብርጭቆ አቀረበልኝና ፎቶው ምን ዓይነት ስሜት እንዲያሳድርብኝ እንደምፈልግ ጠየቀኝ።

«አባቴን እንዲመስል ነው የምፈልገው።»

«መምሰል» አለ ቀስ ብሎ፣ ልክ ሽንኩርት እንዳሸተተ ሰው። ከዚያ ስለ ጥላና ስለ ዝምታ አስረዳኝ። ናሙናውን በጥቁርና ነጭ፣ በጥጥ ወረቀት ላይ ሠርቶ፣ በስስ ወረቀት እንደ አራስ ልጅ ጠቅልሎ ሲሰጠኝ መመሪያም አከለበት። ጥቁር ጨርቅ ላይ መሰቀል አለበት፣ ብርሃን ከአንድ ጎን ብቻ ይብራበት፣ ለጥቂት ቀናት በተለያየ ሰዓት ተመልከቺው። ቤት ወስጄ ስፈታው አባቴ ከጨለማ ውስጥ በግማሽ ፊቱ አፈጠጠብኝ። በረሃብ የሞተ ፈላስፋ ይመስላል። ሳቁ እንኳ የሆነ ሰው ላይ የተናደደ ሆኖ ነበር።

ሦስተኛውን የጠቆመችኝ አንዲት የወሎ ልጅ ናት። ሰው ቤት እየኖረች ትሠራለች፤ በወር ሁለት አርብ ስትለቀቅ እኔ ጋ ብቅ ትላለች። ከፊሏን፣ ያለ ፈቃዱ ከአገር የማትወጣበትን አሠሪዋን፣ ወደ አገር መውጫ ወረቀት ከጠየቀችው ሁለት ዓመት አልፎታል፤ «ኢንሻአላህ» ይላታል። በዚህ መሀል እናቷ ሞቱ። አልሄደችም። እዚሁ ሪያድ ተቀምጠን አለቀስንላት። የእናቷን ፎቶ ያሳጠበችው ዑድ ሰፈር ውስጥ ካለች ጠባብ ሱቅ ነበር፣ እኔንም ወደዚያው መራችኝ።

ሱቋ ሻንጣ፣ ሽቶ፣ የስልክ ካርድና የብርድ ልብስ ትሸጣለች፤ በትርፍ ሰዓቷ ፎቶ ታጥባለች። ሰውዬው ስለ ስሜቴ አልጠየቀኝም። አባቴንም አላየውም ማለት ይቻላል። ቁልፉን ተጫነ፣ ማሽኑ አንጎራጎረ፣ ወረቀቱን በመቀስ ቆረጠና «ያላ» ብሎ ሰጠኝ። ዳሩ ጠማማ ነው። ወረቀቱ ዳቦ ይጠቀለልበታል። ነገር ግን አባቴ ነበር። ጠባሳው አለ፣ የጥርሱ ክፍተት አለ፣ ኮሌታው እንደታጠፈ ነው፣ ወደ ታክሲው ልገባ ስል «ቶሎ ተመለሺ» ሊለኝ ነው። መንገድ ላይ ቆሜ ለረጅም ጊዜ አየሁት፤ መኪና ጥሩምባ ነፋብኝ።

እኔ ግን ባለሙያ ነኝ። ባለሙያ ደግሞ መመሪያ ያከብራል። አዳር ገብቼ አርብ ጠዋት እንደመጣሁ ጥቁር ዓባያዬን ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ወጠርኩት፤ ሦስቱን አባቶቼን በመርፌ ቁልፍ ጎን ለጎን ሰካኋቸው፤ መጋረጃውን ዘጋሁ፤ የአልጋዬን መብራት አምጥቼ በርጩማ ላይ ከጎናቸው አስቀመጥኩ። ከዚያ ፊት ለፊታቸው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ማየት ጀመርኩ። ጥላው በእርግጥ ያምር ነበር።

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የወሎዋ ልጅ መጣች። በሩን የከፈትኩላት በአዳር እንቅልፍ ማጣት የቀላ ዓይኔንና ያልተበጠረ ፀጉሬን ይዤ፣ ጥቁር የቤት ቀሚስ ለብሼ ነው። በትከሻዬ በኩል አሻግራ ሳሎኑን አየች። የራስ መሸፈኛዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች።

«ግቢ እንጂ፣ ሻይ ላፍላልሽ» አልኳት።

«አይ እህቴ፣ አትድከሚ። አብሽሪ» አለችና አቀፈችኝ፤ አቅፋኝ ቆየች። ከዚያ ሳትቀመጥ ሄደች። ከፊሏ እንደለመደው አናዷት ይሆናል ብዬ አዘንኩላትና ወደ ጥላዬ ተመለስኩ።

በኋላ እንደሰማሁት ደረጃውን ሳትጨርስ ስልክ ጀምራለች። «አባቷ ሞተው ብቻዋን ለቅሶ ተቀምጣለች፤ አንድ ሰው አጠገቧ የለም» ብላለች። ለኮሚኒቲው ስብሰባ ከወር በፊት ተነግሮት ሰው ሞልቶ አያውቅም። ለቅሶ ሲሆን ግን የጁምዓ ሶላት ከማለቁ አሥራ አንድ ሰው ከየሰፈሩ ተጠራርቶ፣ መኪና ተካፍሎ፣ የታሸገ ውኃ በካርቶን፣ ቴምር በሳህን፣ አንድ ትልቅ ድስት በጨርቅ አስሮ ደጄ ላይ ቆመ።

ደወሉን ሰምቼ ከፈትኩ። ከፊት የቆሙት የእድራችን ሰብሳቢ ነበሩ፣ ለቀብር እንጂ ለልደት ሄደው የማያውቁ ሽማግሌ መሐንዲስ። ከኋላቸው ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል።

እኛ ዘንድ ለስደተኛ ሞት በስልክ አይነገርም። ከአገር ቤት ዘመድ ይደውላል፣ ግን ለአንቺ አይደለም፤ ለጓደኛሽ፣ ለእድሩ፣ ለማታውቂው ሰው ነው። አንቺ ቡና እየጠጣሽ ስትስቂ ከተማው በሙሉ ያውቃል። ከዚያ አንድ ቀን ሰብሰብ ብለው፣ በሽማግሌ ተመርተው፣ ቤትሽ ይመጣሉ። እኔ ራሴ ሌሎች ሰዎች በር ላይ እንደዚያ ቆሜ አውቃለሁ፤ ፊቴን እንዴት እንደማደርገውም አውቃለሁ። አሥራ አንዱም ያንን ፊት ይዘው ነበር። አባቴ በዚያ አርብ ገና አልደወለም።

«አባቴን!» ብዬ ጮህኩ።

እነሱም ከኋላ ተቀበሉኝ። እኔ እነሱን አይቼ አለቀስኩ፣ እነሱ እኔን አይተው አለቀሱ፤ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ ማስረጃው ደግሞ ግድግዳው ላይ በመብራት ተሰቅሏል። ሰብሳቢው «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ይላሉ፣ የወሎዋ ልጅ «ሶብሩን ይስጥሽ» ትላለች፣ አንዷ ሴት የቤይሩቱን ባንክ ሥራ አስኪያጅ እያየች ደረቷን ትመታለች። እኔ መሬት ላይ ነኝ። እዚህ ላይ መቀለድ ይከብደኛል። ወረቀት ስመርጥ ሞተብኝ ብዬ ነው ያለቀስኩት። ሦስት ሳምንት ጥጥ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ አያብረቀርቅም ስል፣ በሦስት ሰዓት በረራ የምደርስበት ሰው ሳያየኝ ሄደ ብዬ። ምንም ሰበብ አልመጣልኝም። ኮንትራቱም ፈተናውም የት እንደገቡ አላውቅም።

ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። «አባዬ» ይላል። ሰብሳቢው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በሟች ስልክ ወንድሟ ደወለ ማለታቸው ነው። እንደዚያ እያለቀስኩ እንዳነሳው አልፈለጉም፤ ራሳቸው አንስተው ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ቪዲዮ መሆኑን አላዩም፤ ቢያዩም የሚታየው ኮርኒስ ነው።

«ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጥናችሁ። ስለ እሷ አትስጉ፣ እኛ አለን» አሉ።

«ማን ሞቶ ነው?» አለ ከወዲያ አንድ ድምፅ። ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

«አባታችሁ ናቸዋ። ነፍሳቸውን ይማር።»

ሰብሳቢው መልሰው «ሃሎ?» አሉ።

«የልጅቷ አባት እኔ ነኝ» አለ ድምፁ። «ምነው፣ የሰማችሁት ነገር አለ?»

ሰብሳቢው ስልኩን ከጆሯቸው አንስተው ተመለከቱት። ኮርኒሱ ተናወጠ፣ የጋቢ ጥለት አለፈ፣ ከዚያ የአባቴ አፍንጫ ስክሪኑን ሞላው። አንዷ ሴት እልል አለች። አንዷ ቁጭ አለች። እኔ ማልቀሴን ማቆም አልቻልኩም፤ ማን ምን እንደሚያደርግልኝም የሚያውቅ አልነበረም፣ እድር ለዚህ ዓይነቱ ደንብ የለውም።

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ሰብሳቢው ወደ ግድግዳው እየጠቆሙ። ተቆጥተዋል፤ የአርብ እረፍታቸውን ትተው የመጡ ሰው ናቸው።

«ቀለም እያነጻጸርኩ ነው» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የጅል መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

አባቴ ሁሉንም እስኪረዳ አስደገመ። ከዚያ ሳቀ፤ እየሳለ ሳቀ። ያልገባው ነገር አንድ ብቻ ነበር፦ «የትኛውን ፎቶ እያያችሁ ነው ያለቀሳችሁት? እስኪ ወደ ግድግዳው አዙሩኝ።»

ሰብሳቢው ስልኩን ከፍ አድርገው ያዙለት። አሥራ አንድ ለቀስተኛ ቆሞ ሟቹ ፎቶውን ሲመርጥ አየ። የዑለያውን ሲያይ «ይሄ የሞተ ሰው ነው፣ ጣሉት» አለ። ሙረባዕ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቀየረ።

«ይሄ! ይሄ ነው ፎቶ። ክራባቱ የማን ነው?»

«አባዬ፣ እሱ አንተን አይመስልም። ጥርስ ሁሉ ጨምረውልሃል።»

«ጥርስ ከሰጡኝ ምን በደሉኝ? ድንኳን ውስጥ እንደዚህ ሆኜ ልቀመጥ።»

«የመጨረሻውን እይ» አልኩት፤ ስልኩን ከሰብሳቢው ተቀብዬ ወደ ዑዱ አስጠጋሁለት። «ይሄ ነው አንተ። ይሄንን በጥሩ ወረቀት ላሳጥበው።»

ተጠግቶ አየው።

«ይሄ ምን ያደርግልኛል? በየቀኑ መስታወት ላይ አየዋለሁ።»

«እኔ አላየውማ!» አልኩ፣ ከአፌ አምልጦኝ።

አባቴ ስልኩን ቀጥ አድርጎ ያዘው። መላ ፊቱ ታየኝ። ከስቷል። ፎቶው ላይ የሌለ ነገር ዓይኑ ሥር ገብቷል፤ ሦስቱም ፎቶ ቤቶች ያላተሙት።

«ልጄ» አለኝ፣ እንደ ቀልዱ ሳይሆን። «ፎቶው ለለቀስተኛ ነው። ባለ ክራባቱን አሳጥቢልኝ። አንቺ እኔን ማየት ከፈለግሽ ግን እዚሁ ነኝ፤ የትም አልሄድኩም።»

ሰብሳቢው የመቁጠሪያቸውን ዶቃ ማየት ጀመሩ። የወሎዋ ልጅ ድስቱን ከፍታ ለሰው እያቀረበች ነበር፤ ሳህን እንደያዘች አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። ልትወቅሰኝ አልነበረም፣ ከልቧ አልገባትም ነበር።

«እህቴ፣ እኔን ከፊሉ ይዞኝ ነው የእናቴን ፊት ሳላይ የቀረሁት» አለችኝ። «አንቺን ማን ያዘሽ?»

አባቴ ስልኩን ሳያጋድም ይጠብቃል።

«ማንም» አልኳት። «ማንም አልያዘኝም።»